የሌሊት እንግዶች፦ የዱር አራዊትን በገዛ ግቢ ፎቶግራፍ የማንሣት ታሪክ

የፈረንሳዊው የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በ1839 ለሕዝብ ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ለካሜራ ይመቹ የነበሩት ሕንፃ፣ ሐውልትና ተራራ ነበሩ። በብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ምስሉን እስኪቀበል ድረስ ለብዙ ደቂቃ ብርሃን ሊያርፍበት ይገባ ነበር። ሰው እንኳ ፎቶግራፍ ለመነሣት ሲቀመጥ ራሱ እንዳይነቃነቅ ከኋላው የብረት ድጋፍ ይደረግለት ነበር። የዱር እንስሳ ግን ድጋፍ አይቀበልም፤ ቁም ቢሉት አይቆምም፤ የሰው ጠረን ከሸተተው ደግሞ ከነአካቴው ብቅ አይልም። ስለዚህ ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ በኋላ ባሉት ብዙ አሥርት ዓመታት ውስጥ የአራዊት ፎቶግራፍ እየተባሉ ይታዩ ከነበሩት ብዙዎቹ፣ ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ የሞቱ እንስሳት ወይም በማቆያ አጥር ውስጥ የተነሡ ምርኮኞች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ግን በብዙ አገር ማናቸውም ሰው ከጡብ የማትበልጥ ሣጥን በጓሮው ዛፍ ላይ አስሮ ይተኛል፤ ጧት ሲነሣም ሌሊቱን ግቢውን የጎበኙትን እንስሳት መልክ፣ የመጡበትን ሰዓትና ደቂቃ ጭምር ይመለከታል። እዚህ ለመድረስ የተሄደው መንገድ ለሙያችን ሰዎች ልዩ ትምህርት ያለው ይመስለኛል። ለችግሩ መፍትሔ የሆነው በመሠረቱ አንድ የምሕንድስና ሐሳብ ነውና፤ ይኸውም ካሜራውን የማስነሣቱን ሥራ ከሰው እጅ ወስዶ ለእንስሳው እግር መስጠት ነው። ይህ ሐሳብ ሰውየውን ከስፍራው በማራቁ እንስሳውን ወደ ስፍራው አቀረበው። ከዚያም አልፎ ከሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እስከ ከተማ ፕላን ድረስ የዘለቀ ውጤት አስከተለ።

ክር የሚበጥሰው ፈረስ

ለሐሳቡ ቀደምት ምሳሌ የሚሆነን በ1878 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ የተደረገው ሙከራ ነው። የባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ ሊላንድ ስታንፎርድ፣ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ባንድ ጊዜ ከመሬት ይነሡ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነበር። ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በመጋለቢያው ዳር 12 ካሜራዎችን በረድፍ አቆመ፤ ከየካሜራውም መሬቱን የሚያቋርጥ ክር ዘረጋ። ፈረሱ እየጋለበ ክሮቹን በተራ ሲነካ እያንዳንዱ ክር የየራሱን ካሜራ መዝጊያ አስነሣ። አራቱም እግሮች በእርግጥ ባንድ ጊዜ ከመሬት እንደሚነሡ ታየ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን የፈረሱ እግር አይደለም፤ መቼ ይነሣ የሚለውን ውሳኔ ከሰው ይልቅ የእንስሳው እንቅስቃሴ መወሰኑ ነው።

ሆኖም ማይብሪጅ ያነሣው በጠራራ ፀሐይ፣ ልጓም የገባለትን ለማዳ እንስሳ ነበር። የዱር እንስሳን ለማንሣት ሁለት ነገሮች ጎድለው ነበር። አንደኛው፣ ምስሉን በፍጥነት የሚቀበልና ቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊቀመጥ የሚችል ሰሌዳ ነው። ይህም እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ በ1871 ባቀረበው የጄላቲን ደረቅ ሰሌዳ ተሟላ። ሁለተኛው የሌሊት ብርሃን ነው። በ1887 አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ጀርመናውያን የማግኒዝየምን ዱቄት ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር አደባልቀው፣ ሲለኮስ ባንድ አፍታ ቦግ ብሎ የሚጠፋ የብልጭታ ዱቄት አዘጋጁ። ዱቄቱ ጢሱ ብዙ፣ ድምፁም እንደ ተኩስ ያለ ነበር፤ በአያያዝ ጉድለትም ፈንድቶ ሰው ይጎዳ ነበር። ቢሆንም ጨለማን ለካሜራ የከፈተ ቁልፍ ሆነ።

በዚሁ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ ወንድማማቾች ችግሩን በሌላ በኩል ሞከሩት። በ1892 በለንደን አቅራቢያ አንድ የወፍ ጎጆ ከነእንቁላሉ ፎቶግራፍ አነሡ፤ በ1895ም ስለ ብሪታንያ ወፎች ጎጆ፣ ሥዕሎቹ በሙሉ ፎቶግራፍ የሆኑበትን መጽሐፍ አሳተሙ። የእነርሱ ዘዴ መደበቅ ነበር። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በእውነተኛ የበሬ ቆዳ የተሸፈነ ሰው ሠራሽ በሬ አሠርተው አንደኛው በሆዱ ውስጥ ከነካሜራው እየገባ ወፎቹን ያነሣ ነበር። ለቀን ወፍ ይህ በቂ ሆኖ ተገኘ። ማሽተት ለሚችልና በሌሊት ለሚሄድ አውሬ ግን የበሬ ቆዳ የሰውን ጠረን አይሸፍንም፤ ሰውየው ጨርሶ ከስፍራው መሄድ ነበረበት።

ጠመንጃውን ያስቀመጠው አዳኝ

ይህን በተሟላ መልክ የፈጸመው አሜሪካዊው ጆርጅ ሻይረስ ሦስተኛው ነው። ሻይረስ በ1859 ተወልዶ በ1942 ያረፈ የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ አባቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ በሚሺጋን ግዛት፣ በማርኬት ከተማ አቅራቢያ ወዳለው የኋይትፊሽ ሐይቅ እየሄደ ያድን ነበር። በዚያ አገር አዳኞች ከጥንት ነዋሪዎቹ ከኦጂብዌዎች የተማሩት አንድ የሌሊት አደን ዘዴ ነበራቸው። በታንኳ አፍንጫ ላይ እሳት ያነዳሉ፤ ውኃ ሊጠጣ የወረደው አጋዘን በብርሃኑ ተደንቆ ቆሞ ሲመለከት ዓይኖቹ ያበራሉ፤ ከእሳቱ በስተጀርባ በጨለማ የተቀመጠው አዳኝም በሁለቱ ዓይኖች መካከል አልሞ ይተኩሳል።

ሻይረስ በ1889 ካሜራ መያዝ ጀመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያንኑ ታንኳ፣ ያንኑ ጨለማና ያንኑ ጸጥታ እንዳሉ ትቶ ጠመንጃውን ብቻ ለወጠ። በእሳቱ ቦታ የላምባ ፋኖስ፣ በጠመንጃው ቦታ ካሜራና የማግኒዝየም ብልጭታ ተተኩ። አጋዘኑ ፈዞ ሲመለከት ዱቄቱ ይለኮሳል፤ እንስሳው በርግጎ ወደ ጫካው ይሮጣል፤ ሥዕሉ ግን በሰሌዳው ላይ ቀርቷል። ከሥዕሎቹ የተመረጡት በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርዒት የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ።

ከታንኳው ቀጥሎ የመጣው እርምጃ ግን ከዚህ የበለጠ ነው። ሻይረስ አራዊቱ በሚያዘወትሩት መንገድ ላይ ካሜራውን ተክሎ፣ ቀጭን ገመድ ዘርግቶ፣ በገመዱ ጫፍ ጥቂት ማባበያ ምግብ አስሮ ወደ ሰፈሩ ይመለስ ጀመር። እንስሳው ገመዱን ሲነካ ብልጭታውም መዝጊያውም አብረው ይነሣሉ። በ1913 ስለዚህ ዘዴ ለጻፈው ጽሑፍ የሰጠው ርእስ በእኛ ቋንቋ፣ በቀንና በሌሊት የራሳቸውን ፎቶግራፍ ያነሡ የዱር እንስሳት ማለት ነው። በርእሱ ውስጥ ባለቤትነቱን ለእንስሳቱ መስጠቱ ልብ ሊባል ይገባል። አዳኙ በምላጩ ላይ የነበረውን ሥልጣን በፈቃዱ ለታዳኙ አሳልፎ ሰጥቷልና።

በሐምሌ 1906 የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 የሻይረስ ፎቶግራፎችን ባንድ እትም አወጣ። ከማኅበሩ የቦርድ አባላት ሁለቱ መጽሔቱን የሥዕል መጽሐፍ አደረጋችሁት ብለው ከሥራቸው ለቀቁ። አንባቢው ግን በሌላ ወገን ነበር፤ መጽሔቱም ከዚያ በኋላ የታወቀው በፎቶግራፎቹ ነው። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሻይረስ ትልቅ መጽሐፍ እንዲጽፍ ደብዳቤ ጽፈው ያበረታቱት በዚሁ ዓመት ነበር፤ ሁለት ቅጽ የሆነው መጽሐፍ ግን የወጣው ከ29 ዓመት በኋላ በ1935 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ምን ጥቅም ተገኘ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በሕግ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ሻይረስ ከ1903 እስከ 1905 የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ነበር። በ1904 ከቦታ ቦታ የሚሰደዱ ወፎች ከየግዛቱ ሕግ ይልቅ በማዕከላዊ መንግሥት ሕግ እንዲጠበቁ ረቂቅ አቀረበ። ረቂቁ በዚያን ጊዜ አላለፈም። ሐሳቡ ግን በ1913 ሕግ ሆነ፤ በ1916 አሜሪካ ስለ ካናዳ ከብሪታንያ ጋር ውል ተዋዋለችበት፤ በ1918ም የስደተኛ ወፎች ውል ሕግ ተብሎ ጸና። አንድን ሐይቅ ከልጅነት እስከ ሽምግልና እየተመላለሰ ያየ ሰው፣ ከዓመት ዓመት የሚጎድለውን ያውቃል። ፎቶግራፉ ለዚያ ዕውቀት ምስክር ሆነለት።

በመንገዶቻችን የሚሄደው ማን ነው?

በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ዘምቶ በኪሊማንጃሮ አካባቢ አራዊትን በብልጭታ አንሥቶ ነበር፤ መጽሐፉም በ1905 ታተመ። የሥዕሎቹ ድፍረት እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን አንበሳን ወደ ካሜራው ለማምጣት ሕያው አህያና በሬ ያስር ነበር። ጠመንጃውም ከካሜራው ጎን አልተለየም። ሩቅ አገር ዘምቶ ጥቂት ወራት የሚቆይ ሰው ለእንስሳው ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ ያስገድዳል። በገዛ ሰፈሩ የሚጠብቅ ሰው ግን የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ ዛሬ ያልመጣው ነገ ይመጣል።

የዚህ ትዕግሥት ፍሬ በ1920ዎቹ በሁለት ስፍራዎች ታየ። በህንድ የደን ሹም የነበረው ፍሬደሪክ ቻምፒየን፣ በሚያስተዳድረው ደን ውስጥ በመንገዶቹ ላይ ገመድ እየዘረጋ ታይገር የተባለውን ባለ ሽንትር ትልቅ ድመት በሌሊት አነሣ፤ መጽሐፉም በ1927 ወጣ። ቻምፒየን ሥዕሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲመለከት፣ እንደ ሰው የጣት አሻራ የአንዱ ታይገር ሽንትር ከሌላው ሽንትር እንደሚለይ አስተዋለ። ስለዚህ አንድ አውሬ አሥር ጊዜ መነሣቱንና አሥር አውሬዎች አንዳንድ ጊዜ መነሣታቸውን መለየት ተቻለ።

ሁለተኛው ስፍራ መሐንዲሶች የፈጠሩት ነው። የፓናማ ቦይ ሲሠራ የቻግሬስ ወንዝ ተገድቦ ጋቱን የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሸለቆውን ሞላው፤ የአንድ ኮረብታ አናትም ባሮ ኮሎራዶ የተባለች ደሴት ሆኖ ቀረ። በ1923 በደሴቲቱ ላይ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። የወፎች ሊቅ የነበረው አሜሪካዊው ፍራንክ ቻፕማን በጣቢያው ዙሪያ ባሉት የእግር መንገዶች ላይ ካሜራዎች አጥምዶ፣ ቀን ሰዎች በሚመላለሱበት መንገድ ሌሊት ፑማና ሌሎች የጫካ አውሬዎች እንደሚመላለሱበት በሥዕል አሳየ። በ1927 ለታተመው ጽሑፉ የሰጠው ርእስ ጥያቄ ነበር፤ በመንገዶቻችን የሚሄደው ማን ነው? የሚል። ማንኛውም የግቢ ባለቤት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው።

ዱቄቱ በመስተዋት ውስጥ፣ ብርሃኑ በመሐንዲስ እጅ

የብልጭታ ዱቄት ዘመን እየተዘጋ የመጣው በ1929 በጀርመን አገር የብልጭታ አምፖል ለገበያ በዋለ ጊዜ ነው። የሚነደው ብረት በመስተዋት ውስጥ ስለታሸገ ጢሱና ፍንዳታው ቀረ። ከዚያም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሠለጠነው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ሃሮልድ ኤጀርተን፣ በካፓሲተር ውስጥ የተከማቸን ኃይል በጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ባንድ ጊዜ በመልቀቅ እጅግ አጭር ብልጭታ አስገኘ።

የዚህን ጥቅም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በምሥራቅ አሜሪካ ወደ ቤቶች የአትክልት ስፍራ አበባ ለመቅሰም የምትመጣው ሃሚንግበርድ የተባለች ትንሽ ወፍ በሰከንድ ወደ 50 ጊዜ ያህል ክንፏን ታርገበግባለች። የክንፏ ጫፍ በሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል ብለን ብንወስድ፣ መዝጊያው ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ሲከፈት ጫፉ 8 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ክንፉ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። ብልጭታው አንድ መቶ ሺኛ ሰከንድ ብቻ ቢቆይ ግን የሚሄደው ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ ያነሰ ነው፤ እያንዳንዷ ላባ ጥርት ብላ ትታያለች። ኤጀርተን በ1930ዎቹ እነዚህን ወፎች ማንሣት ጀምሮ በ1947 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አሳተማቸው። ዓይን ፈጽሞ አይቶት የማያውቀው የክንፍ አያያዝ በዚህ ሁኔታ ታወቀ።

መሣሪያው ቢሻሻልም የሰው ወደ እንስሳው መቅረብ አደጋውን አላጣም። እንግሊዛዊው የወፍ ፎቶግራፍ አንሺ ኤሪክ ሆስኪንግ በ1937 በዌልስ ወደ መደበቂያው ሲወጣ ጎጆዋን የምትጠብቅ ጉጉት በጥፍሯ መታችው፤ አንድ ዓይኑንም አጣ። እርሱ ሙያውን ሳይተው በቀረው ዓይኑ ብዙ ዘመን ሠራ። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። ጎጆና ግልገል ያለው እንስሳ ለፎቶግራፍ ተብሎ ሊቀረብ አይገባውም፤ ጉዳቱ በሰው ላይ ባይደርስ፣ እናቲቱ ሸሽታ በምትተዋቸው ጫጩቶች ላይ ይደርሳልና።

የዛሬው ሣጥን እንዴት ይሠራል?

ዛሬ በግቢ ውስጥ የሚታሰረው ካሜራ ከሻይረስ ገመድ ጋር ያለው ዝምድና የቅርብ ነው፤ የተለወጠው ገመዱ የማይታይ መሆኑ ብቻ ነው። ሕይወት ያለው ገላ ሁሉ እንደ ሙቀቱ መጠን ዓይን የማያየው የታሕታይ ቀይ ጨረር ይለቃል። የደመ ሞቃት እንስሳት ጨረር በአብዛኛው ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ ይገኛል። በሣጥኑ ፊት ያለው ጎርባጣ የፕላስቲክ ሌንስ አካባቢውን በብዙ ቁራጭ ከፋፍሎ፣ ጨረሩን በተቃራኒ ምልክት በተያያዙ ሁለት ጠቋሚዎች ላይ ያሳርፋል። ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ሁለቱ ጠቋሚዎች ስለሚጣፉ ምልክት የለም። ሞቃት አካል ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር ግን ሚዛኑ ይፋለሳል፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል፤ ካሜራው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነቅቶ ያነሣል። ሌሊት ሲሆን ባብዛኛው በ850 ወይም በ940 ናኖሜትር የሚያበሩ ትናንሽ መብራቶች ስፍራውን ያበሩለታል። በ940 የሚሠራው ለሰው ዓይን ፈጽሞ አይታይም ማለት ይቻላል፤ የሌሊት ሥዕል ጥቁርና ነጭ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩን ያወቀ ሰው አተካከሉንም ያውቃል። ጠቋሚው የሚሠራው በሙቀት ልዩነት ስለሆነ፣ ፀሐይ ያሞቀው ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ በከንቱ ይነሣል፤ በጣም በሞቃት ቀን ደግሞ የእንስሳው ሙቀት ከአካባቢው ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ ካሜራው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ባያደርግ፣ ከፊቱ ያለው ሣር ቢታጨድ፣ ከፍታው በሚጠበቀው እንስሳ ትከሻ ልክ ቢሆን ይመረጣል። እንስሳው ወደ ሌንሱ ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ይልቅ አቋርጦ ቢያልፍ ጠቋሚው በቀላሉ ያየዋል። ከሁሉ በላይ ግን ካሜራው የጎረቤትን በርና መስኮት እንዳያይ ሆኖ መተከል አለበት። የአውሬውን መንገድ ለማየት የተሰቀለ ዓይን የሰውን ገመና ማየት አይገባውም።

ብዙ ሥዕሎች ባንድነት ምን ተናገሩ?

አንድ ፎቶግራፍ ደስታን ይሰጣል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች ግን ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ሲሰበሰቡ መረጃ ይሆናሉ። ህንዳዊው ኡላስ ካራንት የቻምፒየንን አስተውሎት ከስታቲስቲክስ ጋር አገናኝቶ፣ በሽንትሮቻቸው እየተለዩ ስንት ታይገሮች ዳግመኛ እንደተነሡ በመቁጠር በናጋራሆሌ የሚኖሩትን ታይገሮች ብዛት የሚገምትበትን ዘዴ በ1995 አሳተመ። ይህ ዘዴ ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው ይሠራበታል።

በ2018 የወጡ ሁለት ጥናቶች ደግሞ ጉዳዩን ወደ ከተማና ወደ ግቢ አመጡት። የመጀመሪያው በዋሽንግተንና በራሌይ ከተሞች፣ በጎ ፈቃደኞች የግል ግቢዎችን ጨምሮ በልዩ ልዩ ስፍራ በተከሏቸው ካሜራዎች የተደረገ ነው። የከተማ ዳር መኖሪያ ሰፈሮች ከዱር ስፍራዎች ጋር ሲነጻጸሩ የሚጎበኟቸው አጥቢ እንስሳት ዓይነትና ብዛት የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ጥናት ከስድስት አህጉራት ስለ 62 የአጥቢ ዝርያዎች የተሰበሰበውን መረጃ አንድ ላይ መረመረ። ሰው በሚበዛበት ስፍራ እንስሳቱ የሌሊት እንቅስቃሴያቸውን በአማካይ በ1.36 እጥፍ ጨምረዋል። ይኸውም ቀድሞ እንቅስቃሴውን በቀንና በሌሊት እኩል ይከፍል የነበረ እንስሳ፣ ዛሬ 68 ከመቶ የሚሆነውን በሌሊት ያደርገዋል ማለት ነው።

ሁለቱ ውጤቶች ሲጣመሩ የሚሰጡት ትርጉም ከባድ ነው። አራዊቱ ብዙ ጊዜ ከአጠገባችን አልሄዱም፤ ሰዓታቸውን ለወጡ እንጂ። በቀን ስለማናያቸው የሉም ብለን አጥር እንሠራለን፣ መንገድ እንቀዳለን፣ ወንዝ በቱቦ እንቀብራለን።

የእኛ ግቢ፣ የእኛ እንግዶች

ይህ ነገር ለአገራችን ከተሞች እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ሥር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ጅብ ከኮረብታውና ከወንዞቹ ሸለቆ እየወጣ ሌሊት በሰፈሮቿ ይዘዋወራል። በደጋው አገር በየግቢው ሣር ላይ ቆልማማ ምንቃራቸውን እየሰኩ ትል የሚለቅሙት ትልልቅ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። በጫካ ዳር ጓሮ ያለው ሰው ደግሞ ጃርትን በድንቹ፣ ጦጣን በበቆሎው፣ ጥሪኝን በአጥሩ ሥር ያውቃቸዋል። ነገር ግን ዕውቀታችን በአብዛኛው የጆሮና የዱካ ዕውቀት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የምንሰማው ጩኸት እንግዳው ካለፈ በኋላ የሚሰማ ነው።

ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ እንግዶቹ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰሩ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ በትግራይ የጅቦችን ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን የእንስሳት ፀጉር መረመሩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሕዝበ ክርስቲያኑ ሥጋ ስለማይበላ ከከብት እርድ የሚጣለው ትርፍራፊ ያንሳል፤ በዚያን ጊዜ በጅቦቹ ዓይነ ምድር ውስጥ የአህያ ፀጉር በዛ። ጾሙ ሲፈታ መልሶ ቀነሰ። የእኛን የጾም ቀን መቁጠሪያ ጅቡም በሆዱ ይከተለዋል ማለት ነው። የአህያዋ ባለቤት ለሆነ ድኻ ገበሬ ይህ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው፤ የትኛው ወር ላይ በረቱን አጥብቆ መዝጋት እንዳለበት ይነግረዋልና።

ይህን ዓይነቱን ኑሮ በሥነ ሕንፃ ያስተናገዱ አባቶች ነበሩን። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የሐረር ጀጎል ግንብ፣ ሰው ከሚገባባቸው በሮች ሌላ ከሥሩ ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉት። ጅቦች በእነዚህ ቀዳዳዎች ሌሊት ወደ ከተማይቱ እየገቡ በየመንገዱ የተጣለውን ትርፍራፊ ይለቅማሉ። ግንቡ ጠላትን ለመከልከል የተሠራ ሆኖ ሳለ ለጅብ መግቢያ አለው። በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጀጎል ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር ይህንንም የአጥር ጥበብ ይዞ ነው።

ለሙያችን ምን ይተርፋል?

ከሻይረስ ገመድ እስከ ዛሬው ሣጥን ያለው ታሪክ መሐንዲስን የሚነካው በሦስት ነገር ይመስለኛል።

አንደኛ፣ አጥርና መንገድ ነው። ከመንገድ በታች የምናሳልፈው ካልቨርት ውኃ ብቻ አያሳልፍም፤ እንስሳትም ይሻገሩበታል። ስፋቱንና ከፍታውን ከመወሰናችን በፊት ጥቂት ካሜራዎች ለጥቂት ሳምንታት በሸለቆው ቢተከሉ፣ የዝናቡን መጠን እንደምንለካ የሚመላለሰውንም እንለካ ነበር። አውሬው በካልቨርቱ ካላለፈ በአስፋልቱ ላይ ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው አውሬው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቆሻሻ ነው። ጅብ ወደ ሰፈር የሚመጣው ምግብ ስላለ ነው። የቄራ ትርፍራፊና የቤት ጥራጊ የሚከማችበትን ስፍራ የምንመርጥ እኛ ነን፤ ስለዚህ ጅቡ ልጆች በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ይምጣ ወይስ በሌላ በኩል የሚለውንም ሳናውቀው የምንወስን እኛ ነን። በየግቢው የሚነሣ የሌሊት ሥዕል ከነሰዓቱ ቢሰበሰብ ይህን ውሳኔ በጭፍን ከመወሰን ያድናል።

ሦስተኛ፣ መብራት ነው። በጨለማ ለመሄድ የተገደደ እንስሳ ጨለማውንም ስናሳጣው የሚሄድበት የለውም። መንገድን ማብራት ለሰው ደኅንነት ግድ ነው። የወንዝ ዳርን ሁሉ ማብራት ግን ሳይጠና የሚደረግ ልማድ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ በሻይረስ ዘመን የአንድ ባለጸጋ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቀበሌ ወይም አንድ ቤተሰብ ሊገዛው የሚችል ሆኗል። ሥራውም ጥቂት ነው፤ ካሜራውን ተክሎ መሄድ፣ እንስሳውን በምግብ አለማባበል፣ ጎጆውን አለመንካት፣ የጎረቤትን ደጃፍ አለማየት፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ማስቀመጥ። ቻፕማን በ1927 በደሴቲቱ የጠየቀው ጥያቄ በአዲስ አበባም፣ በሐረርም፣ በመቀሌም ያው ነው። በመንገዶቻችን የሚሄደው ማን እንደሆነ ካወቅን በኋላ መንገዱን ለማን እንደምንሠራ በዕውቀት ልንወስን እንችላለን።